ወንዝ የተሻገረ ቅጠል

ይጁቤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር የብርጓል እንዳላማው
ሳይንስ ፋኩልቲ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። መቼም እርስዎ አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም፤ ነገር ግን የአማርኛ አስተማሪያችን ያለ ናፍቆት በተጀመረ ደብዳቤ ላይ አምስት ማርክ ስለሚቀንሱ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ስሜ ሙሐመድሳኒ አብዱልዋሂድ ይባላል። ደብረ ማርቆስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ይጁቤ መጥቼ አባቴን በሱቅ እረዳለሁ። እኛ ስኳር የምንጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ጋዜጣ ለሁለት ቀድጄ ግማሹን ከግማሽ ኪሎ ስኳር ጋር ለእማማ ማሬ ከሰጠሁ በኋላ፣ እጄ ላይ በቀረው ግማሽ የእርስዎን ስም አየሁ። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር የብርጓል እንደገለጹት፣ ከአገራችን ቅጠላ ቅጠል ተጨምቆ የተገኘው ውሁድ የካንሰርን ሕዋስ»። እዚያ ላይ ተቀዷል።

ግሡ እማማ ማሬ ቤት ሄደ ማለት ነው። ሮጬ ደረስሁ። ስኳሩን ዕቃ ውስጥ ገልብጠው በወረቀቱ እሳት አያይዘውበታል። «የምን ግሥ ነው? ስኳሩ ጎድሏል እንዴ?» አሉኝ። ቅጠሉ ይገድለው፣ ያድነው፣ ያፋፋው ሳላውቅ ይኸው ሳምንት ሊሆነኝ ነው። እባክዎ ግሡን ይላኩልኝ።

የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። ታላቅ እህቴ ኡሙልኸይር ባለፈው ነሐሴ በዚህ በሽታ ሞታለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ይህ እሷ የሌለችበት የመጀመሪያው ረመዳን ነው። ሌሊት ለሱሑር ምግብ ፊቴ ላይ ውኃ እየረጨች የምትቀሰቅሰኝ እሷ ነበረች። አሁን እናቴ በቀስታ ስለምትቀሰቅሰኝ ሁለት ቀን ሳልበላ ጾሜያለሁ።

አንድ ሌላ ጥያቄም አለኝ፤ ይህ ግን የእኔ ሳይሆን የአንድ ጓደኛዬ ነው። ጓደኛዬ ለታመመ ሰው መድኃኒት ቅጠል ይዞ ሲመጣ ወንዝ ተሻገረ። በእኛ አገር መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ኃይሉን ይጥላል ይባላል። ጓደኛዬ ይህን እያወቀ ነው የተሻገረው። በሽተኛዋም ሞተች። ይህ ነገር በሳይንስ እንዴት ይታያል? ጓደኛዬ ምግብ ከተወ ቆይቷል፤ ረመዳን ስለሆነ ሰው አላወቀበትም እንጂ።

አክባሪዎ
ሙሐመድሳኒ አብዱልዋሂድ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ ሙሐመድሳኒ፣

እግዚአብሔር ያጥናችሁ። የእህትህን ነፍስ በደጉ ቦታ ያኑርልህ።

ግሡ «አዳክሟል» ነው። ጋዜጠኛው በመጀመሪያ «ገድሏል» ብሎ ጽፎ ነበር፤ እኔ ቢሮው ድረስ ሄጄ አስለወጥሁት። ስለዚህ እማማ ማሬ ያነደዱት ብዙ የደከምሁበትን ቃል ነው። የተዳከመውም ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ሰው ውስጥ አይደለም። ይህን ልዩነት ጋዜጣ አይወደውም።

ሥራዬን ጠይቀኸኛል ብዬ ልንገርህ። ካንሰር ማለት መባዛቱን ማቆም ያቃተው ሕዋስ ነው። እኔ ከቅጠልና ከሥር ውሁዶችን እየነጠልሁ የሚያስቆመውን እፈልጋለሁ። ከመቶ ቅጠል ዘጠና ስምንቱ ምንም አያደርግም። አንዱ ሁሉንም ያጠፋል፣ በሽታውንም በሽተኛውንም። የቀረውን አንድ ነው የምፈልገው። እስካሁን አላገኘሁትም።

እብጠቱ የእህትህ ገላ ላይ የት ነበር? ለእሷም ቅጠል አምጥታችሁ ከሆነ የሰጣችሁ ማን ነው? የቅጠሉ ስምስ? ናሙና ካገኘህ በጥላ አድርቀህ ላክልኝ። እንዳትቀምሰው።

ለጓደኛህ «ወንዝ ከቅጠል ላይ የሚወስደው ነገር የለም» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ነገር ግን አልሞከርሁትም፤ ያልሞከርሁትን አውቃለሁ አልልም። ጓደኛህ ዕድሜው ስንት ነው? ያስታመማት ሴትስ ምኑ ነበረች?

የብርጓል እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር የብርጓል፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጥያቄዎችዎን በተራ እመልሳለሁ፤ አንዱን ግን እዘላለሁ።

ጓደኛዬ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው።

የእብጠቱ ቦታ ከአንገት በታች፣ ከሆድ በላይ፣ በስተግራ ነው። ከዚህ የበለጠ መጻፍ ነውር ነው፤ እርስዎ ዶክተር ስለሆኑ ያገኙታል ብዬ አምናለሁ። እሷም ለእናቴ እንኳ ሳትነግር አንድ ዓመት ሙሉ ደብቃው ነበር። ሐኪም ቤት የወሰድናት ጊዜ ዘግይታችኋል አሉን። ኋላ ሳልና የጀርባ ሕመም ጨመረባት።

ቅጠሉን የሰጡን መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ይባላሉ። ዲማ ቅኔ የተማሩ ናቸው፤ አሁን ከይጁቤ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ይኖራሉ። መጀመሪያ በሰኔ አባቴ ሄደው አመጡላት። ያ ሲያልቅ በነሐሴ እኔ ተላክሁ። መሪጌታ ቅጠል ሲሰጡ ሦስት ነገር ያዝዛሉ፦ መሬት እንዳይነካ፣ መንገድ ላይ ከሰው እንዳይነጋገሩ፣ ወንዝ እንዳይሻገሩ። ወንዙን ላለመሻገር ሽቅብ ወጥቶ በምንጩ ራስ መዞር ያስፈልጋል። በወንዙ የሁለት ሰዓት መንገድ የሆነው በምንጩ ራስ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

እህቴ የተቀቀለውን ቅጠል ቀምሳ፣ «ይኼ የሰው ነው ወይስ የአይጥ መድኃኒት? ዛሬ ከሞትሁ የገደለኝ ምሬቱ ነው፤ ምስክር ሁኑኝ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

ስሙን ለመጠየቅ ባለፈው እሑድ ማዶ ሄጄ ነበር። መሪጌታን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«አዲስ አበባ ያሉ አንዲት ዶክተር የቅጠልዎን ስም ይፈልጋሉ» አልሁ።

«ምን ሊያደርጉለት?»

«የካንሰር ሕዋስ ላይ ሊሞክሩት።»

«ሕዋሳት አምስት ናቸው» አሉና በጣታቸው ቆጠሩልኝ። «ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። የትኛው ነው የታመመው?»

በባዮሎጂ የተማርሁትን ላስረዳቸው ሞከርሁ። ገላችን በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች እንደተሠራ፣ እነሱም ለሁለት እየተከፈሉ እንደሚበዙ፣ ካንሰር ማለት ማቆም ያቃተው እንደሆነ። ጥቂት አሰቡ።

«ገባኝ። ቅኔ ጀምሮ ማሰሪያው የጠፋበት ተማሪ ነው። እንዲህ ያለውን እኔ በአርጩሜ ነበር የማስቆመው።»

ስሙን ግን አልነገሩኝም። «ምሥጢር በነፃ አይሰጥም። እሷ የምታውቀውን አንድ ቅጠል ከነሥራው ትንገረኝ፤ ያኔ እኔም አንድ እነግራታለሁ» አሉ። ስለዚህ አንድ ምሥጢር ቢልኩልኝ።

እስከዚያው እናቴ ሣጥን ውስጥ ከነሐሴው የተረፈ ደረቅ ቅጠል አግኝቼ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ልኬያለሁ።

አክባሪዎ
ሙሐመድሳኒ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር የብርጓል፣

ስለ በርበሬው ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ከላክኸው ውስጥ ያገኘነው ኃይለኛ ውሁድ በርበሬ ነው፤ ረዳቴ ሲያስነጥስ ዋለ» የሚለውን ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን አፈርሁ። ቅጠሉን የጠቀለልሁበት ወረቀት ቀድሞ የበርበሬ መጠቅለያ ነበር። ለረዳትዎ እንኳን ለዚህ ዓመት አደረሰዎ ይበሉልኝ። ጊዜው አይደለም፤ ግን ሌላ የምለው የለኝም።

የላኩልኝን ምሥጢር አደረስሁ። ማዳጋስካር ከሚበቅል አበባ የደም ካንሰር መድኃኒት እንደወጣ፣ ሕዋሱንም ልክ ለሁለት ሊከፈል ሲል መካከል ላይ እንደሚያስቆመው አነበብሁላቸው። መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ መሆኑን አዩ።

«በጉልበት ግደለው አላለችም፤ ደጃፍ ላይ አስቁመው ነው ያለች። ይህች ሴት ተምራለች» አሉ።

ከዚያ የቅጠላቸውን ስም በጆሮዬ ነገሩኝ። አጠገባችን አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች፤ እሷንም አስቀድመው «እሽ!» ብለው አባረሯት። ስሙን በሌላ ወረቀት ጽፌ አሽጌዋለሁ።

የጠየቁትን እርጥብ ቅጠል ለመላክ ግን መሪጌታ እንቢ አሉ። አዲስ አበባ ለመድረስ ዓባይን መሻገር ግድ ነው። «ይቺን ወንዛችንን ሲሻገር የሚረክስ መድኃኒት ዓባይን ተሻግሮ ምን ሊሆን ነው? ሳር ነው የሚሆን! ከዚያ የወልደ ሚካኤል ቅጠል አይሠራም ብላ በጋዜጣ ልታስወጣኝ ነው?» አሉኝ። ደብረ ማርቆስ አውሮፕላን እንደሚያርፍ ነገርኋቸው። «በሦስተኛው ቀን ተመለስ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ተመለስሁ። «አይሆንም። አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ቢሆንም ጥላው ውኃው ውስጥ ይወድቃል» ብለው ወሰኑ።

አሁን የዘለልሁትን ጥያቄ ልመልስ። ያስታመማት ሴት ምኑ ነበረች ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ጓደኛ የለኝም። ማለቴ ጓደኞች አሉኝ፤ ወንዝ የተሻገረ ግን የለም።

በነሐሴ የተላክሁ ቀን እህቴ በጣም ታምማ ነበር። ስወጣ «ቶሎ ና» አለችኝ። ቅጠሉን ተቀብዬ ሽቅብ መውጣት ስጀምር ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ ነበር። ተመልሼ ወረድሁ። ወንዙ ሞልቷል። ቅጠሉን ራሴ ላይ በሻሽ አስሬ፣ ውኃው እስከ ደረቴ እያለኝ ተሻገርሁ። ቤት ስገባ «በምንጩ ራስ ሮጬ ነው የመጣሁት» ብዬ ዋሸሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተች። እናቴም አባቴም አያውቁም። ካወቁ በእኔ ምክንያት ነው የሞተችው ይላሉ ብዬ እፈራለሁ። እኔ ራሴ ስለምለው ነው።

አባቴም ከዚያ ወዲህ እንደ ድሯቸው አልሆኑም። በየማክሰኞው ማር ሊገዙ ማዶ ሲሄዱ ድሮ በወንዙ ነበር። አሁን በምንጩ ራስ ዞረው ነው የሚሄዱት፤ ረቡዕ ነው የሚመለሱት። በቅሎዋ ከስታለች። ለምን ቢባሉ «በዚያ በኩል አየሩ ጥሩ ነው» ይላሉ። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ።

ወንዙ ኃይሉን ወስዶታል ወይስ አልወሰደውም? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።

ሙሐመድሳኒ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ ሙሐመድሳኒ፣

«አንተ አይደለህም» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀደድሁት። ሳልሞክር ባጽናናህ አታምነኝም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አላምንም።

ስለዚህ እንሞክረው። ቅጠሉ ወደ ቤተ ሙከራዬ መምጣት ካልቻለ ቤተ ሙከራው ወደ ቅጠሉ ይሂድ። የሽንኩርት ሥር ጫፉ ላይ ያሉት ሕዋሳት ልክ እንደ ካንሰር ሕዋስ ቶሎ ቶሎ ይባዛሉ። ሥሩን የሚያስቆም ነገር መባዛትን ያስቆማል ማለት ነው።

ዘጠኝ እኩል የሆኑ ቀይ ሽንኩርቶችና ዘጠኝ ብርጭቆ ፈልግ። ሽንኩርቱን ብርጭቆው አፍ ላይ አስቀምጠህ ቂጡ ብቻ ውኃ ይንካ። ሥር ማውጣት ሲጀምሩ፣ ከአንድ ዛፍ በአንድ ጠዋት የተቆረጠ ቅጠል በሁለት መንገድ ይምጣ፤ ግማሹ በወንዙ፣ ግማሹ በምንጩ ራስ። በእኩል ሚዛን፣ በእኩል ውኃ ተቀቅሎ ይቀዝቅዝ። ሦስት ሽንኩርት በወንዙ ቅጠል፣ ሦስት በምንጩ፣ ሦስት በባዶ ውኃ። ባዶው ውኃ ለምን የሚል ካለ፣ ምስክር ነው በለው። ያለ ምስክር ሽንኩርትም ቢሆን አይፈረድበትም።

የትኛው ብርጭቆ የትኛው እንደሆነ አንተ ማወቅ የለብህም። ዓይን የፈራውን ያያል። ሌላ ሰው ምልክት ያድርግና እስከ ስድስተኛው ቀን አይንገርህ።

ማንም እንዳይጠጣው።

የብርጓል


ይጁቤ፣ መጋቢት 9 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር የብርጓል፣

በጤናዎ እንዴት ነዎት? ሽንኩርቶቹ ደህና ናቸው።

ብርጭቆ ይጎድላቸዋል ብለው እንዳይጨነቁ፤ ዘጠኙም ተገኝተዋል። የቤታችን የሻይ ብርጭቆ ዘጠኝ ብቻ ስለሆነ አሁን ሻይ የምንጠጣው በቆርቆሮ ነው። ሱቅ መደርደሪያው ላይ በሳሙናና በክብሪት መካከል ተደርድረዋል። ደንበኛ ሁሉ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። እናቴ «የሳኒ ተማሪዎች ናቸው» ትላለች። እማማ ማሬ አንዱን ሊገዙ ፈልገው ነበር፤ በግድ አስጣልናቸው።

ትልቁ ችግር በምንጩ ራስ ዞሮ የሚመጣ ሰው ማግኘት ነበር። እኔ በወንዙ ልምጣ፣ ሙሉ ቀን የሚዞረው ማን ነው? ለአባቴ ለትምህርት ነው ብዬ ነገርኋቸው፤ ሌላውን አልነገርሁም። ወንዝ የሚለውን ቃል ስናገር ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ «እኔ እሄዳለሁ፤ መንገዴ ነው» አሉ። ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ይመስል!

መሪጌታ ቅጠሉን ፊታችን ቆረጡ። ወንዙ በዚህ ወር ውኃው ደርቆ ጠጠር ብቻ ነው፤ ይህን ጠጠር መርገጥ መሻገር ይባላል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ባለቤቱ ወጥቶ ቤቱ ባዶ ቢሆን ቤት አይባልም?» አሉኝ። ስለዚህ ተሻግሬያለሁ። ባለፈው ደረቴ የደረሰው ውኃ አሁን ጫማዬን አላራሰውም።

የቀቀለችውም የቀዳችውም እናቴ ናት። ብርጭቆዎቹን ከሥራቸው በክር አስራ ምልክት አድርጋለች፤ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ። ክሩ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔም ለአባቴም አትናገርም። አባቴ ሁለት ጊዜ ሊያባብሏት ሞክረው አልቻሉም። «ዶክተሯ ከልክላለች» ትላለች። በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ያለ ሥልጣን አግኝታ አታውቅም።

አባቴ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት ሽንኩርቶቹን ነው። የእኔን ማስመሪያ ወስደው ሥሩን ይለካሉ። የትምህርት ፍቅር እንዲህ አድሮባቸው አያውቅም፤ የሰባተኛ ክፍል ካርዴን እንኳ ገልብጠው ነበር ያዩት።

መሪጌታም በአራተኛው ቀን መጥተው ነበር። በር ላይ ቆመው «ይኼ ሙከራ የጾም ነው የፍስክ?» ብለው ጠየቁ። ሽንኩርት ነው ስንላቸው ገቡ። በቆርቆሮ ሻይ እየጠጡ ሽንኩርቶቹን ተመለከቱ። ሲወጡ «ሽንኩርት ፊት እንዲህ የፈራሁበት ቀን የለም» አሉ።

ሙሐመድሳኒ


ይጁቤ፣ መጋቢት 13 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር የብርጓል፣

ነጭ ክር ያለባቸው ሥራቸው ከአውራ ጣቴ ይረዝማል። ቀዩና ጥቁሩ ግን ቅጠሉ ከገባበት ቀን ጀምሮ ቆመዋል፤ ጫፋቸው አብጦ የክብሪት ራስ መስሏል። በማስመሪያ ስድስቱንም ለካሁ። ልዩነት የላቸውም።

እናቴን «አሁን ተናገሪ» አልናት። ነጩ ባዶ ውኃ ነው። ቀዩ የወንዙ ነው፣ ጥቁሩ የምንጩ ነው።

ወንዙ ምንም አልወሰደም። አባቴ ይህን ሲሰሙ መደርደሪያውን ይዘው ቁጭ አሉ። ደክሟቸው ነው መሰለኝ።

መሪጌታም እዚያው ነበሩ። ስድስቱን አንድ በአንድ አንስተው በብርሃን አዩ። ቅጠልዎ እኮ ሥራ አለው ብላቸው አልተደሰቱም። «ወንዝ ካልወሰደው፣ ከእንግዲህ ሰው ሲሞትብኝ ምን ልበል?» አሉ።

እኔም አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ለአንድ ቀን ደስ ብሎኛል። ከዚያ ግን፣ ቅጠሉ ኃይሉን ሳይጥል ከደረሰላት ለምን ሞተች?

ሙሐመድሳኒ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ ሙሐመድሳኒ፣

ይህን ጥያቄ እንደምትጠይቀኝ አውቅ ነበር። ሽንኩርቱን ሳዝዝህም አውቅ ነበር። ስላልነገርሁህ ይቅር በለኝ።

ሽንኩርት ቅጠሉ ውስጥ ቀንና ሌሊት ተቀምጦ ይነከራል። ሰው ግን አንድ ሲኒ ይጠጣል፤ ሆድ ያሳንሰዋል፣ ጉበት ያፈርሰዋል፣ እብጠቱ ጋ የሚደርሰው ጠብታም አይሆንም። በርክቶ እንዲደርስ ብትሰጣት ኖሮ ደግሞ ቅጠሉ የታመመውን ከጤነኛው አይለይም፤ ፀጉሯን፣ ሆዷን፣ ደሟን ሁሉ ያስቆመው ነበር። የእኔ ሥራ ያንን ልዩነት ማወቅ የሚችል ውሁድ ከውስጡ ማውጣት ነው። ዓመታት ይፈጃል። ላይሳካም ይችላል።

የጻፍህልኝን ምልክቶች ደግሜ አየሁ፤ ሳሉ፣ የጀርባ ሕመሙ። ነሐሴ ላይ በሽታው ሳንባዋና አጥንቷ ደርሶ ነበር። ያን ቀን እዚያ እኔ ብኖር፣ ቤተ ሙከራዬን ከነሙሉ ዕቃው ተሸክሜ ብመጣ፣ አላድናትም ነበር። ይህን ላጽናናህ ብዬ አይደለም የጻፍሁት። ሞክሬ የማውቀው ስለሆነ ነው።

አንተ አይደለህም። አሁን ብጽፈው ታምነኛለህ ብዬ ነው ያቆየሁት።

ለመሪጌታ ይህን ንገርልኝ፦ የጠየቁትን እኔም ከስምንት ዓመት ጀምሮ እጠይቃለሁ። እኔ «አላወቅሁም» ማለት ጀምሬያለሁ። አፍ ላይ ከቅጠላቸው ይመራል፤ ግን የትኛውንም ወንዝ ቢሻገር አይረክስም።

የብርጓል

ለአባትህም ይህን ደብዳቤ አንብብላቸው። ስለ በቅሎዋ ከጻፍህልኝ ጊዜ ጀምሮ የሚያሳስበኝ ነገር አለ።


ይጁቤ፣ ግንቦት 7 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር የብርጓል፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ስጀምር «ሁላችንም» የሚለውን ቃል ስጽፍ ቆም ብዬ ነበር፤ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ያሉትን አደረግሁ። ትናንት ሱቅ ከዘጋን በኋላ አባቴ ማስመሪያዬን ይዘው ባለ ነጭ ክሩን ሽንኩርት ሲለኩ (እስካሁን ይለካሉ)፣ እናቴ ምስር ስትለቅም፣ ደብዳቤዎን ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ዘለልሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣

«አባባ፣ ነሐሴ ላይ በምንጩ ራስ አልመጣሁም። በወንዙ ነው የመጣሁት። ዋሽቻችኋለሁ» አልሁ።

ዓይኔን ስከፍት አባቴ ማስመሪያውን እንደያዙ ነበሩ።

«እኔም በሰኔ በወንዙ ነው የመጣሁ» አሉ።

«እርስዎ?»

«ምንጩ ራስ ግማሽ ድረስ ወጣሁ። ልጄ ታምማ እኔ ተራራ ለተራራ ስዞር ልውል ነው አልሁና በቅሎዋን መለስኋት። መጀመሪያ ያረከስሁባት እኔ ነኝ፤ አንተ ያመጣኸው ደግሞ ከመሸ ነው ብዬ ስብሰለሰል ከረምሁ።»

«ታዲያ በየማክሰኞው የሚዞሩት?»

«ወንዙን ሳየው አፍራለሁ።»

«አየሩ ጥሩ ነው ሲሉን የነበረው?»

«አየሩማ ጥሩ ነው» አሉ።

ይኼኔ እናቴ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፣ ኋላ ግን ምስሩ ከሰፌዱ እስኪፈስ ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

«እናንተን የሚያጥብላችሁ ማን መሰላችሁ?» አለች። «የሰኔው ሱሪ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። የነሐሴው ሸሚዝ እስከ ብብቱ የወንዝ ደለል። በምንጩ ራስ የሚመጣ ሰው ብብቱ ውስጥ አሸዋ ይዞ ይገባል? ከነቅልጥማችሁ አውቃችኋለሁ!»

አባቴ «አውቀሽ ነው ዝም ያልሽ፣ መዲና?» አሏት።

«መሪጌታን ፈርታችሁ የምትደብቁ መስሎኝ። ደግሞስ አትንገሪ የተባልሁት እኔ።»

«ማን ነው አትንገሪ ያለሽ?»

እናቴ ምስሩን መሰብሰብ ጀመረች። «እሷ ናታ። ሳኒ ርሶ የገባ ቀን ዓይታዋለች፤ ፀጉሩ ላይ ቅጠል ሳይሆን ቄጠማ ነበር። ‹እማ፣ በወንዙ ነው የመጣው፣ አባባም እንዲሁ ነበር፤ እንዳትነግሪያቸው› አለችኝ። ‹ቅጠሉ ባይሠራስ?› ብላት፣ ‹ቅጠሉ እንደሁ ጣዕም የለው። በሩቁ ቢመጡ ኖሮ አንድ አንድ ቀን ሳላያቸው ይመሽብኝ ነበር። እነሱ ይሻሉኛል› አለች።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፍም። ሻይ በቆርቆሮ ጠጣን።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ እኔም ከክፍል ቀርቻለሁ። ለአስተማሪዬ የቤተ ሰብ ጉዳይ ብዬ የጻፍሁት እውነት ስለሆነ እንዳይቆጡኝ። አባቴ በቅሎዋን ጭነው ቁልቁል ወደ ወንዙ ነዷት። ሰሞኑን ዘንቦ ውኃ አለው። በቅሎዋ ዳር ደርሳ ቆመች። ዘጠኝ ወር በምንጩ ራስ ስትዞር ከርማ መሻገሪያውን ረስታዋለች። አባቴ ሳቡ፣ እኔ ከኋላ ገፋሁ፤ አልንቀሳቀስም አለች። ከማዶ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ጋቢያቸውን ሰብስበው ሲመለከቱ ቆይተው፣

«አብዱልዋሂድ! በቅሎህ ከአንተ ይልቅ ትእዛዝ ታከብራለች!» ብለው ጮኹ።

መልእክትዎን እዚያው በጩኸት ነገርኋቸው፤ ውኃው ስለሚጮህ ሁለት ጊዜ ደገምሁት። «አላወቅሁም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መራራ ነው!» ብለው መለሱልኝ። «ግን እለምደዋለሁ በላት!» ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ አንድ እስር እርጥብ ቅጠል ራሳቸው ላይ ይዘው፣ ራሳቸው ወንዙን ተሻግረው መጡልን። ቅጠሉ ለእርስዎ ነው። ዓባይንም ይሻገር ብለዋል። በቅሎዋ እሳቸውን ካየች በኋላ ተሻገረች።

ጥቅሉ ነገ በአውቶቡስ ይመጣል። በርበሬ የለበትም፤ እናቴ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አሽትታዋለች። ለረዳትዎ ሰላም ይበሉልኝ።

ይህን የምጽፈው ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ሆኜ ነው፤ ሱሪዬ ገና አልደረቀም። ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ቢያዩ የወንዙ ውኃ ነው። አብዛኛው።

አክባሪዎ
ሙሐመድሳኒ አብዱልዋሂድ